ያገለገለ አውቶሞቢል ከሻጩ በዱቤ ስለ መግዛት

 

ወንድሜ ሆይ፥ ይህ ትምህርት የተጻፈው በዚህ በአሜሪካ አገር ለሚኖሩ ሙስሊሞች፥ ይልቁንም ለዕለት እንጀራቸው አውቶሞቢል የግድ ለሚያስፈልጋቸው ቤተ ሰቦችና በዚሁ ንግድ ለተሰማሩ ነጋዴዎች ነው። ከትምህርት በኋላ ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ ይህ ነው፦ «ወደ ባንክ አልሄድሁም፤ ከባንክም አልተበደርሁም። መኪናውን የሸጠልኝ ባለ መኪናው ራሱ ነው፤ ገንዘቡንም በየጊዜው የምከፍለው ለእርሱ ነው። ባንክ በመካከላችን ከሌለ ሪባ ከየት ይመጣል?»

ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ሪባ በባንክ ሕንፃ ውስጥ ብቻ የሚኖር፥ ከደጁ ውጭ ግን የማይገኝ ነገር አይደለም። ቁርአን በወረደበት ዘመን በመካ ባንክ አልነበረም። የዚያ ዘመን ሪባ ምን እንደ ነበረ ኢማም ማሊክ በሙወጣእ ውስጥ ከዘይድ ብን አስለም አስተላልፈውልናል። የዕዳው ቀን በደረሰ ጊዜ ባለ ገንዘቡ ባለ ዕዳውን ሁለት ነገር ያስመርጠው ነበር፤ ወይ ይከፍላል፥ ወይም ዕዳው ተጨምሮበት ቀኑ ይራዘምለታል። እንግዲህ የነገሩ ሥር በዚህ ላይ ነው፤ ዕዳ በጊዜ ብዛት የሚያድግ ከሆነ፥ ባለ ገንዘቡ ባንክም ቢሆን፥ የመኪና ነጋዴም ቢሆን፥ የገዛ ጎረቤትህም ቢሆን ነገሩ አይለወጥም።

አስቀድመን ንግዱ እንዴት ያለ እንደ ሆነ እንግለጥ። ወደዚህ አገር አዲስ የመጣ ሰው ወይም ቀድሞ በዕዳ የተሰናከለ ሰው በባንኮች ዘንድ የሚታመንበት የክሬዲት ታሪክ የለውም፤ ስለዚህ ባንኮች አያበድሩትም፤ ቢያበድሩትም በከባድ ወለድ ነው። ሥራው ግን መኪና ይጠይቀዋል። የመጋዘን ሥራ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ሲጀምር አውቶቡስ አይገኝም፤ በሚኒያፖሊስ የክረምት ብርድም ሕፃን ይዞ በፌርማታ መቆም ለጤና አስጊ ነው። በዚህ ጭንቅ ሳለ በአውራ ጐዳናው ዳር «ክሬዲት አንጠይቅም፤ ከዚሁ ገዝተህ ለዚሁ ክፈል» የሚል ሰሌዳ ያያል። ነጋዴው ያገለገለውን መኪና ብዙውን ጊዜ ከሐራጅ ገዝቶ ያመጣዋል፤ ከገዢው ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፤ የቀረውንም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፥ ገዢው ደመወዝ በሚቀበልበት ቀን ያስከፍለዋል። ሻጩም አበዳሪውም አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

ይህ አሠራር ከመሠረቱ ሐራም ነውን? አይደለም፤ ሐራም ነው ብሎ ሕዝብን የሚያስጨንቅ ሰው ሸሪዓ ያሰፋውን ያጠብባል። ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ከአንድ አይሁዳዊ እህል በዱቤ እንደ ገዙና የብረት ጥሩራቸውን መያዣ እንዳደረጉለት እናታችን ዓኢሻ ረዲየላሁ ዐንሃ የተናገሩት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ባሪራም ነፃነትዋን ከጌቶችዋ የገዛችው በየዓመቱ አንድ ወቄት፥ በጠቅላላው ዘጠኝ ወቄት ልትከፍል ተዋውላ ነበር፤ ይህም ዛሬ በየጊዜው ክፍያ የምንለው ነው። የዱቤው ዋጋ ከእጅ በእጁ ዋጋ ቢበልጥስ? የአራቱ መዝሀቦች ሊቃውንት አብዛኞቹ ይህን ፈቅደዋል፤ ነገር ግን ገዢና ሻጭ ከመለያየታቸው በፊት ከሁለቱ ዋጋዎች በአንዱ ሊቈርጡ ግድ ነው። በአንድ ሽያጭ ውስጥ ሁለት ሽያጭ ማድረግ የተከለከለ መሆኑን ቲርሚዚ ሲያብራሩ ሊቃውንት የሰጡት ምሳሌ ይኸው ነው፤ ልብሱ በእጅ ዐሥር፥ በዱቤ ሃያ ተብሎ በየትኛው እንደ ተስማሙ ሳይታወቅ ቢለያዩ ሽያጩ ይበላሻል፤ በአንዱ ከቈረጡ ግን ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1990 በጂዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስላም ፊቅህ ጉባኤም ይህንኑ ውሳኔ ሰጥቷል፤ የዱቤው ዋጋ መብለጡን ፈቅዶ፥ ከተቈረጠው ዋጋ ተለይቶ ከጊዜው ጋር የተያያዘ ወለድ በውሉ መጻፉን ግን ከልክሏል።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ችግሩ ያለው በወረቀቱ ላይ ነውና። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ የፌዴራል ሕግ አበዳሪ ሁሉ፥ በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴም ጭምር፥ ወለዱን በዓመት ከመቶ ስንት እንደ ሆነ፥ በዶላር ምን ያህል እንደሚደርስ፥ የክፍያው ሁሉ ድምርና መኪናው ከቅድሚያው ክፍያ ጋር በጠቅላላው ስንት እንደሚወጣ ገዢው ሳይፈርም በፊት በጽሑፍ እንዲገልጥለት ያዝዛል። ይህ ሕግ ለሙስሊም ገዢ ትልቅ ረዳት ነው። ሻጩ በአፉ «በሳምንት 90 ዶላር ብቻ ነው» እያለ ሊያዋዛህ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን አይዋዛም።

በቁጥር እናስረዳ። ከቅድሚያው ክፍያ በኋላ የቀረው ዋጋ 10,000 ዶላር ቢሆን፥ ወለዱ በዓመት 24 ከመቶ፥ ጊዜው 36 ወር ቢሆን፥ የወሩ ክፍያ 392 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይሆናል፤ ድምሩም 14,124 ዶላር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ወር ከከፈልኸው ውስጥ 200 ዶላሩ ለወለድ ይሄዳል፤ ከዕዳህ የሚቀነሰው 192 ዶላር ነው። አንድም ቀን ሳታሳልፍ ዓመት ሙሉ 4,708 ዶላር ከከፈልህ በኋላ የሚቀርብህ ዕዳ 7,420 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ብትታመም ወይም ከሥራ ብትወጣ፥ በዚያ ዕዳ ላይ በየቀኑ 4 ዶላር ከ88 ሳንቲም ይታሰብበታል፤ የመዘግየት መቀጫም ከዚህ የተለየ ነው። ትከፍላለህ ወይስ ይጨመርብሃል የሚለው የቀድሞው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የምታገኘው በዚህ ስፍራ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ሻጭ ያንኑ መኪና «ዋጋው በ36 ወር የሚከፈል 14,124 ዶላር ነው፤ ብትዘገይም አይጨምርም፤ ወለድም መቀጫም የለበትም» ብሎ ቢሸጥልህ፥ ይህ ውድ የሆነ ሽያጭ ነው እንጂ ሪባ አይደለም። አስተዋይ አንባቢ «ድምሩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ምንድር ነው?» ይላል። ልዩነቱ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። በዚህ በሁለተኛው ውል ከዓመት በኋላ የሚቀርብህ 9,416 ዶላር ነው፤ ሦስት ወር ብትታመም 9,416፥ ስድስት ወር ብትታመምም ያው 9,416 ነው። በመጀመሪያው ውል የሚቀርብህ 7,420 ዶላር ስለ ሆነ፥ ዛሬ ጠቅልለህ መክፈል ለሚችል ሰው የወለዱ ውል የተሻለ መስሎ ይታያል፤ ይህን አንደብቅም። ሐላል ሁልጊዜ ርካሽ ነው ያለ ሊቅ የለም። ይሁን እንጂ ቀድሞ የሚከፍልን ሰው ሻጩ በፈቃዱ ከዕዳው ቢቀንስለት፥ አስቀድሞ በውል እስካልተሳሰሩበት ድረስ፥ ያው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1992 ፈቅዶታል። በዚህ ንግድ ከሚገዙት ሰዎች ግን ጠቅልሎ ለመክፈል የሚችለው ስንት ነው? እጁ የሞላ ቢሆን ኖሮ ወደዚያ ሰሌዳ ባልሄደም ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «በውሉ መቀጫ ተጽፎ ቢገኝም እኔ በቀኑ ስለምከፍል አይነካኝም» ይላሉ። በዚህ ላይ የዘመናችን ሊቃውንት አንድ ቃል አይደሉም፤ ለጭንቅ ጊዜና ላለማዘግየቱ እርግጠኛ ለሆነ ሰው ያቀለሉ አሉ። እኔ ግን የማየው ሰዎቹ ከሚያስቡት የተለየ ነው። በቀኑ እከፍላለሁ የሚለው ሰው ደመወዙ በሰዓት የሚቈጠር፥ ልጁ በታመመ ቀን የማይከፈለው ሰው ነው። እርግጠኛነቱ ከየት መጣ? ስለዚህ ከመፈረም በፊት ሻጩን መቀጫውንና ወለዱን ሰርዞ በአንድ ቁርጥ ዋጋ እንዲሸጥ መጠየቅ ይገባል። እምቢ የሚል ይበዛል፤ የሚስማማም ይገኛል፤ ባለ መደብሩ ራሱ ሻጭም አበዳሪም ስለ ሆነ እንደ ባንክ ሠራተኛ የበላይ አለቃ የለበትምና። ከተስማማም በአፍ አይበቃም፤ ይጻፍ። ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ መጻፍ የወረደው የበቀራ አንቀጽ መሆኑን አስታውስ። ሻጩ ያንተን ዕዳ ለሌላ የገንዘብ ድርጅት አሳልፎ እንደሚሸጥም ጠይቅ፤ ከሸጠው ነገ የምትነጋገረው ከማታውቀው ሰው ጋር ነው፤ የአፍ ቃሉንም ያ ሰው አያውቀውም።

መያዣን በሚመለከት፥ የተሸጠውን መኪና ለዋጋው መያዣ ማድረግ የተፈቀደ ነው፤ ሻጩ ግን ከሽያጩ በኋላ ባለቤትነቱን ለራሱ ሊያስቀር አይችልም። ገዢውን የሚጐዳው የአወሳሰዱ መንገድ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ሕግ መሠረት ክፍያ ያቋረጠ ገዢ መኪናውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይወሰድበታል፤ የሚከለከለው ጠብና ሁከት ማስነሣት ብቻ ነው። ሰው በሌሊት ከቤቱ ደጅ ያቆመውን መኪና ጠዋት ያጣዋል፤ የልጁም መቀመጫ በውስጡ ሳለ ይሄዳል። አንዳንዶቹ ነጋዴዎች መኪናው የት እንዳለ የሚጠቁም፥ ክፍያም ሲዘገይ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክል መሣሪያ ይገጥሙበታል፤ ይህ በውሉ ላይ ተጽፎ እንደ ሆነ ፈልግ። ከዚያም መኪናው በሐራጅ ይሸጣል። ቀደም ባለው ምሳሌ 7,420 ዶላር ዕዳ ያለበት መኪና በ4,000 ቢሸጥና የመጐተቻና የሐራጅ ወጪ 600 ቢታሰብ፥ ገዢው መኪናውንም አጥቶ 4,020 ዶላር ይጠየቃል። ባይከፍል ይከሰሳል፤ ፍርድ ከተሰጠበትም በብዙ ስቴቶች ከደመወዙ ይቈረጣል። መኪና ስለሌለው ሥራውን ያጣ ሰው ዕዳውን በምን ይከፍለዋል?

በእኛም ፊቅህ መያዣው ተሸጦ ከዕዳው ቢያንስ ቀሪው በባለ ዕዳው ላይ ይቈያል፥ ቢበልጥም ትርፉ ለእርሱ ይመለሳል፤ በዚህ ሁለቱ ሕጎች ይቀራረባሉ። ነገር ግን የተቸገረን ባለ ዕዳ እስኪቀናው ድረስ መጠበቅ አላህ በበቀራ ምዕራፍ ያዘዘው ነው፤ ሙስሊም ሻጭ ሕግ ስለ ፈቀደለት ብቻ ተጐታች መኪና በሌሊት ሊልክ አይገባውም። በ2011 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ስለዚህ ንግድ ተከታታይ ምርመራ አውጥቶ፥ አንድ መኪና እየተሸጠ፥ እየተወሰደ፥ ዳግመኛም እየተሸጠ ለብዙ ሰው እንደሚዞር ገልጦ ነበር። የካሊፎርኒያ ስቴትም በ2012 ሕግ አውጥቶ እነዚህ ነጋዴዎች መኪናው በገበያ የሚያወጣውን ተገቢ ዋጋ በመኪናው ላይ እንዲለጥፉና ለ30 ቀን ወይም ለ1,000 ማይል ዋስትና እንዲሰጡ አዘዘ። በሌሎች ስቴቶች እንዲህ ያለውን ሕግ ሁልጊዜ አትጠብቅ።

ስለ መኪናው ነውር ደግሞ ጥቂት እንበል። በፌዴራል ደንብ መሠረት ነጋዴ በሚሸጠው ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ የገዢ መምሪያ የሚባል ወረቀት ይለጠፋል፤ በእርሱም ላይ ዋስትና ያለው መሆኑ ወይም «እንዳለ» ያለ ዋስትና የሚሸጥ መሆኑ ምልክት ይደረግበታል። እንዳለ የሚለው ከተመረጠ፥ ካምቢዮው በማግሥቱ ቢሰበር ጥገናው የገዢው ነው፤ ክፍያው ግን ይቀጥላል። ብዙ ሰዎች ደግሞ የገዙትን መኪና በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ የሚችሉ ይመስላቸዋል፤ የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ ከነጋዴው መደብር ተገዝቶ ለሚነዳ መኪና አይሠራም። በንግድ ይታለሉ የነበሩትን ሶሓባ ሒባን ብን ሙንቂዝን ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ማታለል የለም የሚል ቃል እንዲያስገቡና የሦስት ቀን ምርጫ እንዲኖራቸው አድርገዋቸው ነበር። አንተም ይህን ምርጫ ከፈለግህ በውሉ ላይ በስምምነት ማስጻፍ አለብህ፤ ካልተጻፈ የለህም።

ሻጩ ከነውር ሁሉ ነፃ ነኝ ብሎ ቢሸጥ ይበቃዋልን? ሊቃውንት በዚህ ይለያያሉ፤ ሐነፊዎች ያሰፋሉ፥ ሻፊዒዎች ያጠብባሉ። ሙወጣእ ውስጥ ያለው ታሪክ ግን ለነጋዴ ሁሉ ይበቃል። ዐብዱላህ ብን ዑመር አንድ ባሪያ በ800 ዲርሃም ከነውር ነፃ ነኝ ብለው ሸጡ፤ ገዢው በሽታ አገኘበትና ወደ ዑስማን ብን ዐፋን ከሰሰ። ዑስማንም ዐብዱላህ በሽታውን ሳያውቁ እንደ ሸጡ እንዲምሉ ፈረዱ። ዐብዱላህ መማልን ትተው ባሪያውን መልሰው ወሰዱ፤ እርሳቸው ዘንድም ዳነና በ1,500 ዲርሃም ተሸጠ። ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፥ በመስኮቱ ላይ የለጠፍኸው ወረቀት በዳኛ ፊት ይረዳህ ይሆናል፤ የጐርፍ ውኃ የገባበትን መኪና እያወቅህ ወንበሩን አድርቀህ፥ ሽቶ ረጭተህ ብትሸጠው ግን፥ ነቢዩ በመዲና ገበያ እጃቸውን አስገብተው እርጥቡን እህል ከሥሩ ያገኙበት ነጋዴ አንተ ነህ። እርጥቡን ከላይ አድርገው ተብሎ ነበር። ያንተም እንዲሁ ነው፤ ሻንሲው የተበየደ ከሆነ ተናገር፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቈርጠህ ሽጥ።

ለነጋዴው አንድ ነገር እንጨምር። በዱቤ ዋጋና በእጅ በእጅ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የአገሩ ሕግ እንዲገለጥ ያዝዛል፤ «ወለድ የለም» ለማለት ሲሉ ልዩነቱን በዋጋው ውስጥ ከመንግሥት መሸሸግ ሕግ መጣስ ነው፤ ከሙስሊምም አይጠበቅም። ልዩነቱ መጻፉ ብቻውን ሽያጩን ሪባ አያደርገውም፤ ሪባ የሚያደርገው ዕዳው እንዲያድግ መዋዋል ነው። እንዴት እንደሚጻፍ ውል አዋቂ ጠበቃ ጠይቅ።

ለገዢው የምንመክረው ከሁሉ አስቀድሞ ከእጅ በእጅ ግዢ እንዳይሸሽ ነው። ዐረቦች ጀምዒያ የሚሉት፥ የአማርኛ ተናጋሪዎችም ዕቁብ የሚሉት መተጋገዝ በዚህ አገርም አለ፤ ዐሥር ሰዎች በወር 400 ዶላር ቢያዋጡ በየወሩ አንዱ 4,000 ዶላር ያገኛል፤ መኪና የሚያስፈልገው ሰው ዕጣው እንዲቀድምለት ቢለምን ወዳጆቹ እምቢ አይሉትም። በ4,000 ዶላር የሚገዛው መኪና ያረጀ ይሆናል፤ ነገር ግን በሌሊት የሚወስደው የለም። ያለ ወለድ የሚያበድር ዘመድ ወይም ጀማዓ ካለም ይጠየቅ፤ ብዙ ሰው ከዘመዱ መለመንን አፍሮ ከማያውቀው ሰው ጋር ለሦስት ዓመት ይታሰራል።

ይህ ሁሉ ካልተገኘና ወደ ዱቤው ሻጭ መሄድ ግድ ከሆነ፥ ዋጋውን ከሌሎች መደብሮች ጋር አመዛዝን። በመኪናው ላይ ያለውን ዐሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ጽፈህ ውሰድ፤ በእርሱ አማካይነት ፋብሪካው ለጥገና የጠራው መኪና መሆኑን የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በነፃ ይነግርሃል፤ በአደጋ የተጣለ ወይም በጐርፍ የተበላሸ መሆኑንም በጥቂት ገንዘብ ከባለቤትነቱ ታሪክ ታገኛለህ። የማይል መቁጠሪያውን በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያይ። የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ የሚያመጣልህን አይደለም።

እኅቴ ሆይ፥ ይህ ላንቺም ጭምር ነው፤ በብዙ ቤት ውል የሚያነበው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነውና። እንግሊዝኛ ከወላጆቹ ይልቅ ስለሚችል ከነጋዴው ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠውት እየተረጐመ አባቱ ይፈርማል። ልጁ ቃላቱን ያነባል፤ ወለድ፥ መያዣ፥ ሐራጅ የሚሉትን ነገሮች ግን በምን ያውቃቸዋል? ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ የመስኮቱ ወረቀት በስፓኒሽ እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል፤ ለአማርኛና ለዐረብኛ ግን ይህ የለም። ስለዚህ የተሞላውን ወረቀት ሳትፈርሙ ተቀብላችሁ ወደ ቤት ውሰዱት፤ በመስጊዱ ካሉ ውል ከሚያውቁ ሰዎች አንዱ በአንድ ሌሊት ያነበዋል። ሕጉ መግለጫውን ከፊርማ በፊት፥ ይዛችሁት በምትሄዱበት ጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ስለሚያዝዝ፥ ወረቀቱን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሻጩ «ነገ መኪናው አይቈይም» ቢል ይሂድ፤ ሌላ መኪና አለ።